«በጣም እስማማለሁ»

የእህቴ ልጅ እዚሁ ሆሳዕና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እሁድ እሁድ እኔ ዘንድ ትውላለች። በቀደም አንድ የማስተርስ ተማሪ ያደላትን መጠይቅ ይዛ መጣችና ቡናው እስኪፈላ ትሞላው ጀመር። «በሞባይል መተግበሪያ መማር ይጠቅመኛል።» «አጠቃቀሙ አያስቸግረኝም።» ሁሉም ላይ «በጣም እስማማለሁ» በሚለው ሥር ምልክት አደረገች።

የእነዚህ ጥያቄዎች አባት አሜሪካዊው ፍሬድ ዴቪስ ነው። ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አያስቸግረኝም ብሎ ሲያምን ነው ሲል በ1989 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ከጥናቱ ተሳታፊዎች ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር የቀረበላቸው ሠራተኞች ነበሩ።

«እውነት በሁሉም ትስማሚያለሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አልስማማም ብልስ? ማስታወሻው የሚለቀቀው ቴሌግራም ላይ ነው።»

አባቷ የሚኖረው ዶዮገና ነው፣ በበጎቹ በታወቀው አገር። ስልኩ የተገዛው በሁለት በግ ዋጋ ነው። መጠይቁ ስለ በጎቹ አንድም ቃል የለው።

ለመሆኑ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታ እንደ እሺታ ይቆጠራል? ስልኩ አልጠቀማትም ማለቴ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ለአንድ መጽሐፍ ወረፋ ከምትጠብቅ፣ ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ታነባለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበትን የመውጫ ፈተናም የምትለማመደው በእርሱ ነው። ግን መጥቀም ሌላ፣ መምረጥ ሌላ። ምንጩ አንድ በሆነበት መንደር ውሃ የቀዳ ሁሉ ምንጩን መረጠ አይባልም።

እኔስ በጊዜዬ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ መች መረጥኩ? ይህን ስል ራሴን ረታሁ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ ጠመኔውን አባቴ አልገዛም።

ይልቅ የሚያብሰለስለኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነገር ነው። ስልክ የላትም። ማታ ማታ ከእህቴ ልጅ ስልክ ላይ በእጇ እየገለበጠች ደብተር ትሞላለች። ያቺ ልጅ መጠይቁ ደርሷት «አልጠቀምም» ብትል፣ ቴክኖሎጂን ካልተቀበሉት ወገን ትቆጠራለች። ድህነቷ የአመለካከት ችግር ሆኖ በሰንጠረዥ ይወጣል። አጥኚው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ወረቀቱ ለእርሷ የሚሆን ሳጥን የለውም።

ከግርጌው «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር ነበረው።

«ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ስለ በጎቹ ጻፊ።»

ሳቀች። ባዶውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ተነሣች።