ያላየውን የሚመሰክር ወረቀት

የአሜሪካ መንግሥት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያትመው «ሲልቨር ኢግል» የተባለው ሳንቲም አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ያህል ብር ይዟል። ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የሚሠራው ዓይነት የታተመበትን ከተማ የሚጠቁም ፊደል ተቀርጾበታል፤ ለብርነቱ ሲባል በገፍ የሚሸጠው ግን ምንም ፊደል የለበትም። አብዛኛው የሚታተመው ዌስት ፖይንት ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮና ፊላደልፊያም ያተሙባቸው ዓመታት አሉ። ሦስቱን ከየከተማው አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው፣ ዓይኑን ለአፍታ ካነሣና ሌላ ሰው ካቀያየራቸው፣ የቱ የየት እንደሆነ አያውቅም። ሆኖም ይኸው ሳንቲም ወደ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ሄዶ በፕላስቲክ ታሽጎ ሲመለስ የታተመበትን ከተማ የሚናገር መለያ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ከተማው ብርቅ ከሆነም ዋጋው ከአቻዎቹ ይበልጣል። ነገሩ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ይመስላል። ለእኔ ግን ከገበያው ያለፈ ጥያቄ ያነሣል፦ በአንድ ነገር ገላ ላይ አሻራ ያልተወን ታሪክ ስለዚያ ነገር መመስከር ይቻላል ወይ? እንደሚቻል አምናለሁ። የማልቀበለው፣ እንዲህ ያለው ምስክርነት በዓይን ከታየው ጋር እኩል ተሰልፎ በአንድ ድምፅ መነገሩን ነው።

በመጀመሪያ «ልዩነት ከሌለ የምን ምስክርነት?» ለሚለው ሰው መልስ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሊብኒዝ በሁሉም ባሕርያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነበር። ተጠራጣሪው ከዚህ ተነሥቶ፣ ሳንቲሞቹ በምንም ካልተለያዩ የከተማው ስም ባዶ ቃል ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የአንድ ነገር ባሕርይ ዓይንና ሚዛን በሚደርሱበት ብቻ አይወሰንም። ፈላስፋው ሶል ክሪፕኪ በ1970 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን በሰጣቸው ንግግሮች ከዚህም ርቆ ሄዶ፣ ከአንድ ግንድ የተሠራ ጠረጴዛ ከሌላ ግንድ ሊሠራ ይችል ነበር ማለት እንደማይቻል ተከራክሯል፤ መነሻው የማንነቱ አካል ነውና። እኔ እስከዚያ መሄድ አያስፈልገኝም። ሳንቲሙ የታተመበት አንድ ቦታ አለ፤ ማንም ባያውቀው ያ ቦታ ሌላ አይሆንም። ዌስት ፖይንት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ገደማ የመዳብ ቀለም ያላቸውን ባለ አንድ ሴንት ሳንቲሞች ያለ ፊደል አትሟል፤ የፊላደልፊያዎቹም በዚያን ጊዜ ፊደል ስላልነበራቸው ሁለቱ በአገሩ ኪስ ሁሉ ተደባልቀው ቀሩ። እያንዳንዱ የተወለደበት ቦታ አለው፤ መልሶ የሚለያቸው ግን የለም። እውነቱ ሳይነካ ዕውቀቱ ብቻ ጠፍቷል ማለት ነው።

እንግዲህ መለያ ወረቀቱ የሚናገረውን ከየት ሰማው? ከሳንቲሙ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ሳንቲሞቹን 20፣ 20 እያደረገ በፕላስቲክ ቱቦ ይከታል፤ 25 ቱቦ አንድ አረንጓዴ ሣጥን ይሞላል፤ 500 ሳንቲም የያዘው ሣጥን ታስሮ ቁጥር ይሰጠዋል። ሣጥኑ ሳይፈታ ከደረሰ፣ ደረጃ መዳቢው ቁጥሩን አይቶ ከየትኛው ከተማ እንደወጣ ይረዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ 79,640 ሳንቲም አትሞ ነበር። በዓመቱ ከተሸጠው 47 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ነገሩም በአደባባይ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት በቀረበ ጥያቄ ነው። እስከዚያ ድረስ ሣጥኑ ተከፍቶ ከሌላው ጋር የተቀላቀለ የፊላደልፊያ ሳንቲም ፊላደልፊያነቱን አልለቀቀም፤ የሚያስረዳለት ግን አጣ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌስት ፖይንት በኮቪድ ምክንያት ለጊዜው ሲዘጋ ፊላደልፊያ 240,000 አተመ። በዚህኛው ጊዜ የሣጥኖቹ ቁጥር ቶሎ ስለታወቀ «የአስቸኳይ ጊዜ እትም» የሚል መለያ መለጠፉ አልዘገየም። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት በሳንቲሞቹ ላይ የለም፤ ልዩነቱ ወሬው ከሣጥኑ መከፈት ቀድሞ በመድረሱ ወይም በመዘግየቱ ነው።

አሁን መለያ ወረቀቱን ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል። በአንድ በኩል 70 የሚል ቁጥር አለ፤ ከ1 እስከ 70 የሚሄደው መለኪያ የሳንቲም አጥኚው ዊልያም ሸልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ካወጣው የተወሰደ ሲሆን 70 ማለት እንከን የለሽ ማለት ነው። ይህን ፍርድ የሚጠራጠር ሰው አጉሊ መነጽር አንሥቶ ሳንቲሙን ይመረምራል፤ ጭረት ካገኘም «ተሳስታችኋል» ብሎ ይሟገታል። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን የከተማ ስም የሚጠራጠር ሰው ግን ምን ይመርምር? ሳንቲሙ ዝም ብሏል፣ ሣጥኑም የለም። በእኛ የሙግት ልማድ የዓይን ምስክርና የሰሚ ሰሚ አንድ ላይ አይቆጠሩም፤ የሰሚ ሰሚ ይዋሻል ተብሎ ሳይሆን፣ ሲጠየቅ ከራሱ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ስለሚያመለክት ነው። እዚህ ግን አንድ ባለሙያ ያየውንና የሰማውን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፎ በአንድ ማኅተም ያጸናል። አንባቢውም ባለሙያው በዓይኑ ፍርድ ያገኘውን አመኔታ ሳያውቅ ወደ ሰማው ነገር ያሻግርለታል።

ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ አጥብቀው የያዙት የሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፉ ቃሎች፣ ሊቃውንት ይመስሉኛል። አንድ ሐዲስ ሲመጣላቸው ሁለት ነገር ያያሉ፦ የቃሉን ይዘት፣ ማለትም መትኑን፣ እና ቃሉን ያቀበሉትን ሰዎች ሰንሰለት፣ ማለትም ኢስናዱን። ይዘቱ ያማረ ስለሆነ ሰንሰለቱ አይታለፍም። ማን ከማን ሰማ? ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖረዋል? ተገናኝተዋል? የአንደኛው የማስታወስ ችሎታ ምን ያህል ነበር? ለዚህ ሲባል ስለ አስተላላፊዎች ሕይወት ብቻ የሚያጠና ራሱን የቻለ ዕውቀት ተዘርግቷል። እጅግ የሚያስደንቀኝ ሙርሰል ስለሚሉት ዓይነት ያላቸው ጥንቃቄ ነው፤ ከነቢዩ ባልደረቦች ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ሰው፣ ከማን እንደሰማ ሳይጠቅስ በቀጥታ ከነቢዩ የሚያወራው ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን እንደሚችል አይክዱም፤ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚሆን ግን ይከራከሩበታል፤ ክፍተቱንም በስሙ ጠርተው ለአንባቢው ያስታውቁታል። አንድ ቃል እውነት ሊሆን መቻሉ እንደተረጋገጠ ሆኖ ለመነገር አያበቃውም። ከመለያ ወረቀቱ የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

ሁለት ጠንካራ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው፦ ድርጅቶቹ የከተማውን ፊደል በቅንፍ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ቅንፉም በሙያው ልማድ «ይህ ፊደል በሳንቲሙ ላይ የለም» ማለት ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተታለለም የሚለው ነው። ቅንፉ የሚመሰገን ነው፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ግማሹን ሐቅ ይነግረዋል። ፊደሉ በሳንቲሙ ላይ አለመኖሩን ይናገራል፤ ታዲያ በምን ታወቀ ለሚለው ግን መልስ የለውም። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ የምናውቀው ሁሉ እኮ ከሌላ የሰማነው ነው፤ የተወለድንበትን ቀን እንኳ ያወቅነው ከእናታችን አፍ ነው፤ በሰሚነት የተገኘን ዕውቀት ዝቅ ካደረግን ምን ይቀረናል? እኔ ግን ዝቅ አላደረግሁትም። እናት ስለ ልጇ ልደት ስትናገር በቦታው ነበረች፤ የምናምናትም በቦታው እንደነበረች ስለምናውቅ ነው። ጥያቄዬ ተናጋሪው ከነገሩ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ እንዲነገረን ነው። ርቀቱ ሲታወቅ በሰሚነት መታመን ራሱ ጤናማ ይሆናል፤ ርቀቱ ሲሸፈን ግን የባለሙያው ስም የማስረጃውን ቦታ ይይዛል። ገዢ ወዶ ከከፈለ ምን አገባህ የሚል ሦስተኛም አይጠፋም፤ ወዶ መክፈሉ የከፈለበትን ነገር ስለማወቁ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አገራችን የዚህን ጉዳይ ሌላ ገጽ ታውቃለች። የማርያ ቴሬዛ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት ይዞ መታተሙን ቀጠለ፤ ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ አተሙት። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የማተም መብቱን ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ አሳተመ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም ተከተሉ። ሁሉም አንድ መልክ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት የፊደል ምልክት ነበራቸው። በየገበያው የነበረው ነጋዴ የተጓዦች ማስታወሻ እንደሚያወሳው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያለውን እንቁ ይቆጥር ነበር፤ ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልሳል፤ የት ታተመ ብሎ ግን አይጠይቅም። ይህ አላዋቂነት አልነበረም። ለእሱ የሚጠቅመውን ጥያቄ ሳንቲሙ ራሱ ይመልስለት ነበር። የዘመናችን አጥኚዎች ደግሞ በብሩ ጀርባ የተቀረጸውን የንስር ጅራት ላባና የጌጡን ቅርጽ እያነጻጸሩ ብዙውን ብር በየማተሚያ ቤቱ መድበውታል። ለዘመናት አንድ ይመስሉ የነበሩት ብሮች አሻራ ይዘው ኖረዋል፤ የጎደለው አስተውሎ የሚያነጻጽር ዓይን ነበር። ይህ ለእኔ ክርክር አደገኛ ይመስላል፤ ነገ በሲልቨር ኢግልም ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ቢገኝስ? ቢገኝ ደስ ይለኛል። ያኔ በሣጥን ቁጥር የተነገረው ምስክርነት በሳንቲሙ ፊት ይፈተናል፤ የተሳሳተው ይታረማል፣ ሣጥኑ የጠፋበትም ከተማውን መልሶ ያገኛል። ያ እስኪሆን ግን ወረቀቱ ሁለት መስመር ቢኖረው ይበቃ ነበር፤ በአንደኛው «ሳንቲሙን አይተን» የተባለው፣ በሁለተኛው «ከታሸገው ሣጥን ቁጥር ተረድተን» የተባለው ይጻፍበት።