ከወጣህ በኋላ ያለው ጁምዐ

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። የምጽፈው ለሁላችሁም ነው፤ በልቤ የማናግረው ግን አንድ ሰው አለ። ሌላውን ሙስሊም ሁሉ «ከሃዲ» ከምትል ጠባብ ጀመዓ ወጥተህ፣ ዛሬ ጁምዐን የት እንደምትሰግድ ግራ ገብቶህ ቤትህ የተቀመጥክ ወንድሜ፣ አንተን ነው። አንቺም እህቴ፣ እንዲሁ።

እኔም የመጣሁት ከዚያው ነው። እዚሁ ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ስማችንን አልጠራም። ጥቂት ነበርን፤ ብጠራው ሰዎቹን ፍለጋ የሚሄድ አይጠፋም፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።

ሰው እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባው አብዶ ይመስላችኋል። አይደለም። እኔ የገባሁት ሱብሒን በሰዓቱ መስገድ ስለፈለግኩ ነው። ጫትም ተውኩ። ድሬ ተወልዶ ጫት መተው ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ልጅ ይንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ወንድሜ» ብለው የጠሩኝ፣ ስታመም ሾርባ ይዘው የመጡ፣ ሥራ ስፈታ ኪራዬን የከፈሉልኝ እነሱ ናቸው። ይህን ሳልናገር የቀረውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ጠበበ። መጀመሪያ ሠርግ ቀረ፤ ድቤ አለና። ቀጥሎ የሠፈሩ ኢማም ቀረ፤ «ከሃዲዎችን ከሃዲ ያላለ እሱም እንደነሱ ነው» ተባለ። ስለዚህ ጁምዐ ቀረ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ዙህር እንሰግድ ነበር። ሐረር ለመሄድ አሚሩን ማስፈቀድ መጣ። ስልካችን ይታይ ጀመር። በመጨረሻ እናቴ ላይ ደረስን።

እናቴ አልፎ አልፎ ሐሙስ ሐሙስ ሐረር አባድር ዚያራ ትሄዳለች። በዚያራው ላይ ዑለማዎች የሚሉት አለ፤ ዛሬ እሱ ውስጥ አልገባም። ግን አንድን ሥራ ስህተት ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሠራችውን ሴት ከኢስላም ማስወጣት ሌላ ነገር ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ቤቷ የታረደ ሥጋ አይበላም ተባልኩ። አልበላሁም። አራት አረፋ አለፈ። እሷ ምንም ሳትለኝ እንቁላል ትጠብስልኝ ጀመር፤ ለሌላው ሰው ሥጋ፣ ለእኔ እንቁላል። ለጎረቤት «ሐኪም ከልክሎት ነው» ትል እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

እንዴት እንደወጣሁ አላስረዝምም። ከመካከላችን የአንዱ አባት ሞቱ፤ ልጃቸው ጀናዛ ላይ እንዳይቆም ተነገረው። አልቆመም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ሆኖ ሲያያቸው አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ አልተመለስኩም።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ መውጣቱ አይደለም፤ ስለ ማግስቱ ነው። ስለ መውጣት የሚናገር ብዙ ነው። ስለ ማግስቱ የሚነግርህ የለም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ነገር ዝምታ ነው። በቀኝ እጅ ይሁን በግራ፣ በዚህ መንገድ ይሁን በዚያ፣ ለሁሉ መልስ ነበረህ፤ አሁን ሱሪህን ስታሳጥርም ስታስረዝምም ማንን እንደምትሰማ አታውቅም። ሁለተኛው ቁጣ ነው። እኔ ቁጣው ላይ ብዙ ቆየሁ። ስለ ኸዋሪጅ የመጡ ሐዲሶችን እየፈለግኩ ስልኬ ላይ እለጥፍ ነበር፤ እያንዳንዱን ስለጥፍ የእነሱ ፊት ይታየኛል። ደስ ይላል፣ አልዋሻችሁም።

ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ የምቀራባቸው አንድ አዛውንት ሸኽ አሉ። አንድ ቀን የለጠፍኩትን አሳየኋቸው፤ ያመሰግኑኛል ብዬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ስንት ነበራችሁ?» አሉኝ። «አሥራ ሁለት።» «ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ ክፉ ነበር?» ቆጠርኩ። ምናልባት አንድ፤ እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም። «እንግዲያው ልጄ፣ ከክፍሉ ወጥተሃል፤ ወንበሩን ግን ይዘኸው ነው የወጣኸው» አሉኝ። የዳኛውን ወንበር ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት በእናቴ ላይ እፈርድ ነበር፤ አሁን በእነሱ ላይ። የተቀየረው ተከሳሹ ነው።

እስቲ ወደ መጀመሪያዎቹ እንመለስ። ከሲፊን ጦርነት በኋላ፣ በ37ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከዐሊይ (ረ.ዐ) የተለዩት ሰዎች ኩፋ አቅራቢያ ሐሩራእ በሚባል ቦታ ሰፈሩ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሊያነጋግራቸው ሄደ። ያማረ የየመን ልብስ ለብሶ ነበርና መጀመሪያ የተነሱበት በልብሱ ነው! ግንባራቸው ከሱጁድ ብዛት ቆስሏል። እሱ ቁጭ ብሎ በዐሊይ ላይ ያላቸውን ቅሬታ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሦስት ነበር፤ ለሦስቱም ከቁርኣንና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥራ መልስ ሰጠ። በአንድ ዘገባ ከ6,000ዎቹ 2,000 ያህሉ ተመለሱ።

የቀሩት በኋላ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ። ዐብዱላህ ኢብኑ ኸባብን መንገድ ላይ ያዙት። ከመካከላቸው አንዱ ከዛፍ የወደቀች ተምር አንስቶ አፉ ውስጥ ሲያደርግ «ያለ ዋጋ?» ብለው ጮሁበት፤ ተፋት። ከዚያ ዐብዱላህን አረዱት፤ ነፍሰ ጡር የነበረችውንም ሴት ገደሉ። ይህን ታሪክ ኡስታዞች ሁሌ ይነግሩናል፤ በተምሯ ላይ የነበረው ጥንቃቄ በነፍሱ ላይ አልነበረም። እኔ ግን ክፍላችን ውስጥ ስለነበርኩ ተምሯ ትገባኛለች። ተምሯን ስትተፋ ንጹሕ እንደሆንክ ይሰማሃል። እንዲህ በትንሹ የሚጠነቀቅ ሰው በትልቁ ይሳሳታል ብለህ ራስህን አትጠረጥርም።

የእኔ ሐሳብ ግን የሚሄደው ወደ 2,000ዎቹ ነው። እነሱ የት ሄዱ? የታሪክ መጻሕፍት የተዋጉትን መሪዎች በስም ያውቃሉ። የተመለሱት ግን ወደ ኩፋ፣ ወደየቤታቸው ገቡ። ትናንት «ከሃዲ» ያሉት ጎረቤት በሩ ላይ ቆሟል። ሚስቱ አለች። ኢማሙ አለ። በማግስቱ ሱብሒ ላይ ሶፍ ውስጥ ከማን አጠገብ ቆሙ?

ዐሊይ (ረ.ዐ) ምን እንዳደረገ ግን ተመዝግቧል፤ ላልተመለሱትም ጭምር። ከመስጂድ አንከለክላችሁም፣ እጃችሁ ከእኛ ጋር እስከሆነ ከገንዘቡ ድርሻችሁን አንነፍጋችሁም፣ እስካልጀመራችሁ ድረስ አንዋጋችሁም ብሏቸዋል። ከተዋጋቸው በኋላም እንኳ ከሃዲ ናቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከክህደት የሸሹ ሰዎች ናቸው፣ በእኛ ላይ ያመፁ ወንድሞቻችን ናቸው ማለቱ ይዘገባል። በ40ኛው ዓመተ ሂጅራ የገደለው ከእነሱው አንዱ ነው።

ይህ ነገር በድሮ ዘመን የቀረ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ጋዜጦች «አት ተክፊር ወል ሂጅራ» ያሉት የሹክሪ ሙስጠፋ ጀመዓ እ.ኤ.አ. በ1977 የቀድሞውን የአውቃፍ ሚኒስትርና የተፍሲር ሊቅ ሸኽ ሙሐመድ አዝ ዘሀቢን አፍኖ ገደለ፤ ሹክሪ በዓመቱ በስቅላት ተቀጣ። ሹክሪ ከዚያ በፊት ዓመታትን እስር ቤት ያሳለፈ ወጣት ነበር። የሚደበድበኝ ሰው እንዴት ሙስሊም ይሆናል የሚለው ጥያቄ ብዙዎቹን ወደዚያ እንደገፋቸው ይነገራል። በሀገራችንም ከደርግ መውደቅ በኋላ በዚያው ስም የሚጠራ ቡድን ታይቷል። የቆሰለ ሰው ፍርድ ይወዳል። እኔም ስወጣ ቆስዬ ስለነበር ይህን አውቃለሁ።

ወደ ማግስቱ ልመልሳችሁ። ስትወጣ ሰው ሁሉ ያስፈራሃል። አዲስ ኡስታዝ ሲናገር «ይኼስ ወዴት ሊወስደኝ ነው?» ትላለህ። ፍርሃትህ አያሳፍርም፤ ግን መለኪያ ስጠው። የእኔ መለኪያ አንዲት ናት። ኢማም ማሊክ 48 ጥያቄ ተጠይቀው ለ32ቱ «አላውቅም» ማለታቸው ይዘገባል። የመዲና ኢማም ናቸው እኮ! የእኛ አሚር በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላውቅም ሲል አልሰማሁትም። ሰውየው ያቀራው አንድ ግማሽ ኪታብ ነው። አሁን አንድ አስተማሪ ጋ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠብቀው ያችን ቃል ነው። ደግሞ ሌላም ሰው ጠይቅ የሚል ከሆነ እረጋጋለሁ።

ሌላው የሚያሰቃይህ ያለፈው ነው። አራት ዓመት ከ200 በላይ ጁምዐ ነው። ሸኹን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ኢስቲግፋር አብዛ፤ የሚመጣውን ጁምዐ በጊዜ ድረስ» አሉና ወደ ኪታቡ ተመለሱ። አነሰብኝ። ቅጣት የፈለግኩ ይመስለኛል።

ያን ሰሞን ነው የኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ታሪክ የገባኝ። ጦር ሜዳ ላይ አንድ ሰው «ላ ኢላሀ ኢለሏህ» ካለ በኋላ ገደለው፤ ከፍርሃት ነው ያለው ብሎ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ከፍተህ አይተሃል ወይ የሚል ተግሣጽ እየደጋገሙ ሲያሰሙት፣ ኡሳማ ምነው ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ኖሮ ብሎ እስኪመኝ ደረሰ። እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመሞታቸው በፊት፣ ትልልቅ ሶሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ የሾሙት ይህንኑ ኡሳማን ነው። በዚያች ቀን አላሰሩትም። ኡሳማም አልረሳትም፤ ሙስሊሞች እርስ በርስ ሲጋጩ ዐሊይን እየወደደው እንኳ ሰይፉን ይዞ አልወጣም። ጸጸቱ እንደዚያ ነው የሠራው፤ እጁን ያዘው፣ ሰውነቱን ግን አልሰበረውም።

የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ የዚድ አል ፈቂር የሚባል ሰው ታሪክ አለ። የኸዋሪጅ አስተሳሰብ ልቡን ይዞት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ለሐጅ ሲሄዱ በመዲና አለፉ፤ ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ምሰሶ ተደግፈው፣ ከእሳት ስለሚወጡ ሰዎች ሲያስተምሩ ሰሙ። የዚድ ተከራከረ፤ ጃቢር አስረዱት። ሲወጡ እርስ በርስ፣ ይህ ሽማግሌ በነቢዩ ላይ ይዋሻል እንዴ ተባባሉ። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ሐሳባቸውን ተዉ።

ስለዚያ አንድ ሰው ሳስብ አድራለሁ። ያው መንገደኞች ናቸው፤ ስንቅ የሚካፈሉ፣ ግመል የሚጠባበቁ። እንግዲህ ስንቁን ነፈጉት? ዘገባው አይነግረንም።

እኔም አንድ አለኝ። አባቱን ከኒም ዛፍ ሥር ቆሞ የሸኘው ልጅ አሁንም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ወጣሁ፤ እሱ ቀረ። ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ሰላም ያለንን ሰው እምነት እንዳንነጥቀው ተከልክለናል፤ ሰላም የማይመልሰውንስ? አላውቅም። ሸኹን ስጠይቃቸው እሳቸውም «ወላሁ አዕለም፣ አንተ ግን ሰላም በለው» አሉኝ።

ያለፈው አረፋ እናቴ ቤት ሥጋ በላሁ። ከወጥ ሳህኑ አጠገብ እንቁላሉንም ጠብሳ አቀረበችው። «እማዬ፣ እንቁላሉ ለምንድን ነው?» አልኳት። «ለማንኛውም ብዬ ነዋ» አለችኝ። ሁለቱንም በላሁ።

ጁምዐ ጁምዐ ከመስጂድ ስመለስ በባቡር ጣቢያው በኩል እዞራለሁ፤ በባጃጅ ቀጥታ መሄድ እየቻልኩ። እሱ በዚያ ሰዓት ከሱቁ ፊት ለፊት ይቀመጣል። «አሰላሙ ዐለይኩም» እለዋለሁ፤ ፊቱን ያዞራል። ባለፈው ጁምዐ ግን ራሱን ትንሽ ነቅነቅ ያደረገ መሰለኝ። ዝንብም ሊሆን ይችላል፤ ድሬ በዚህ ወራት ዝንብ አያጣም። ዛሬም በዚያው በኩል ነው የማልፈው።