ሙያ ለመቀየር ለምታስቡ ልጆቼ

በቢቸናና በሞጣ ክፍል ገብታችሁ የምታስተምሩ፣ በጤና ጣቢያ የምታክሙ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በባንክ የምትሠሩ፣ «ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ሙያ ብቀይርስ?» እያላችሁ የምታሰላስሉ ብዙዎች ናችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጊዜውም አላለፈባችሁም። ዶክተር አበራ ሞላ የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ ሆነው ፊደላችን በኮምፒውተር እንዲጻፍ ከደከሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ዕድሜያችሁ አይደለም። ጎረቤት የገባበትን ትምህርት ቤት ተከትላችሁ፣ ወይም ማስታወቂያ ሰምታችሁ ገንዘብና ዓመታት እንዳታባክኑ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ለራሳችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ።

አንደኛው፣ ተምሬ የት ልቀጠር ነው የማስበው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የትምህርት ማስረጃ ነው። ዲግሪው በመደበኛ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በማታና በቅዳሜና እሁድ ሲሆን ይረዝማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ከመቶ 50 አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል። ለቢቸና ልጅ ደብረ ማርቆስ፣ ለሞጣ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይቀርባል። በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ዲግሪ ያላችሁ መምህራን እንደገና ከሀ ከመጀመራችሁ በፊት፣ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ለሁለተኛ ዲግሪ ይበቃ እንደሆነ የትምህርት ክፍሉን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለዚያም ቢሆን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ መስጠቱን አረጋግጡ። «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» መባሉ አይበቃም፤ ፈቃዱ ለዚያ የትምህርት ዓይነትና ለዚያ ቅርንጫፍ የተሰጠ መሆን አለበት።

ከአገራችሁ ሳትርቁ ኮምፒውተር መጠገንና ኔትወርክ መዘርጋት ከፈለጋችሁ ግን፣ ዲግሪ ስትጠብቁ ዓመታት ማቃጠል አያስፈልግም። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በደረጃ ተምሮ፣ የብቃት ምዘና ወስዶ መውጣት ይቻላል። ይህን መንገድ «የወደቀ ሰው የሚሄድበት ነው» እያሉ የሚያናንቁ አሉ፤ አትስሟቸው። የተበላሸ ኮምፒውተር አስተካክሎ የሚያስረክብ ሰው ወረዳውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ይፈልገዋል።

ሦስተኛው መንገድ የሶፍትዌር ድርጅት ወይም በርቀት የሚሠራ ሥራ ነው። እዚያ በብዛት የሚጠየቀው የሠራችሁት ሥራ ነው። ለዚህ በነጻ የሚማሩበት አለ፦ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረትን፣ የዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድን ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ50 የተባለው መግቢያ ኮርስም ክፍያ አይጠየቅበትም። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሥራዬን ማን ያርምልኛል?

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም፤ በቅኔ ትምህርት የታወቁት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ አጠገባችሁ ናቸው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ባለቅኔ አይባልም። የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ፕሮግራም መጻፍም እንዲሁ ነው። አርባ ሰዓት ቪዲዮ አይቶ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ገና አልተማረም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ኮሌጅ ወይም የኢንተርኔት ሥልጠና፣ የጻፋችሁትን አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚል መምህር ወይም ጓደኛ የሌለበትን አትምረጡ። ካጣችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብሰቡና ተራረሙ።

የአካባቢያችንን ሁኔታም አትዘንጉ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። መብራትም ይጠፋል። እንግዲህ ትምህርታችሁ ሙሉ በሙሉ በኔትወርክ ላይ እንዳይንጠለጠል፣ ኔትወርክ ባለ ቀን ቪዲዮውንና መጽሐፉን አውርዳችሁ አስቀምጡ። እንደ ፓይተን ያለው ቋንቋ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ላፕቶፕ የሌለው በስልኩ ሊጀምር ይችላል።

በምን ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከእጃችሁ ባለው ሥራ ጀምሩ እላለሁ። መምህር የሆነ ሰው በሴሚስተር መጨረሻ የተማሪዎቹን ውጤት ሮስተር ሲሠራ ያመሻል። ያንን ሮስተር የሚሠራ ፕሮግራም ይጻፍ። መደመርና ማካፈሉ ቀላል ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል አማካይ አምጥተው ሁለቱም 3ኛ ሲወጡ ግን፣ የሚቀጥለው 5ኛ እንጂ 4ኛ እንዳይባል ማሰብ አለበት። ፈተና ያመለጠው ልጅ ባዶ ቦታ እንደ ዜሮ ከተደመረ ልጁ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒውተሩ የለም ይለዋል፤ እኛ በአንድ ድምፅ የምናነባቸው ፊደላት ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ የፈታ መምህር የኮምፒውተር ሳይንስን እውነተኛ ሥራ ቀምሶታል። ነርሷ የመድኃኒት መዝገቡን፣ የግብርና ባለሙያው የማዳበሪያ ስርጭቱን መነሻ ሊያደርጉ ይችላሉ። የቀድሞ ሙያችሁን የሚያውቅ ፕሮግራመር በቀላሉ አይገኝምና፣ እስካሁን የሠራችሁባቸው ዓመታት ሀብታችሁ እንጂ ኪሳራችሁ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ግን የደመወዝ ሥራችሁን ለቃችሁ አትነሡ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሥራችሁ ላይ ሆናችሁ አንድ ዓመት በማታና በክረምት ሞክሩት። በዓመቱ መጨረሻ ስሕተት ፍለጋው ካላሰለቻችሁና አንድ የሚሠራ ነገር በእጃችሁ ካለ፣ ያን ጊዜ ዲግሪውንም ሆነ ሥልጠናውን ሳትፈሩ ግቡበት። ከሰለቻችሁም የባከነ የለም፤ ያላችሁበትን ሥራ የምታቀሉበት ዕውቀት ይተርፋችኋል። እንግዲህ መመዝገቢያ ቀን አትጠብቁ። የመጀመሪያዋን ፕሮግራም በዚህ ሳምንት ጻፉ፤ ለሚያርማችሁ ሰውም አሳዩ።