የመስመር መንቀጥቀጥና የእጅ እውነት

በድሬዳዋ ከተማ ሁለት ዓይነት መስመር ጎን ለጎን ይኖራል። በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው የባቡር ሐዲድ ጋር የተቀየሰው የከዚራ ጎዳና ቀጥ ያለ ነው፤ ከደቻቱ ማዶ ያለው የመጋላ መንገድ ግን ይጠማዘዛል። የመጋላን ጥምዝ ለጌጥ ብሎ የነደፈው መሐንዲስ የለም፤ የሰው ኑሮና እግር ቀስ በቀስ ያበጁት ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ቀጥተኛውን ጎዳና በዕቅድ ቢያጣምምና «ይህ የትውልድ ዱካ ነው» ቢለን ምን እንለዋለን?

ጥያቄው ዛሬ በኅትመት ገጽ ላይ ተነሥቷል። ገጽና ሥዕል በሚዘጋጅባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አማካይነት ቀጥተኛ መስመር በነጥቦች ይከፋፈላል፤ ነጥቦቹም በዕጣ መሰል ቁጥሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ይገፋሉ፤ አንዳንዴም ያው መስመር ተዛንፎ በላዩ ላይ ይደገማል። ውጤቱ በእርሳስ የተሣለ ይመስላል። የኮምፒውተሩ መንቀጥቀጥ ከእጅ መንቀጥቀጥ የሚለየው በምንድን ነው?

የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። ምኞቱ ፊደሉ እንዲቃና ነው፤ የምትቀረው ጥቂት መዛነፍ ከጥረቱ የተረፈች ናት። በድሬዳዋ አካባቢ በለጋ ኦዳ የድንጋይ መጠለያ ከብቶችን የሣለው ሰው ስሙ አልደረሰንም፤ እጁ ግን ደርሶናል። ኮምፒውተሩ የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ከተቃናው ተነሥቶ ጉድለትን ይጨምራል። በአንደኛው ጉድለቱ የድካም ቅሪት ነው፤ በሌላው ግን የታዘዘ ጌጥ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያውን ማውገዝ ችኮላ ይሆናል። ብሩሽም መሣሪያ ነው። የሕንፃ ነዳፊ ገና ያልጸደቀ ዕቅዱን ሆን ብሎ በሻካራ መስመር ሲያቀርብ «ነገሩ አላለቀም፤ አስተያየታችሁን ስጡበት» ማለቱ ነው። መምህርም የትምህርት ሥዕሉን ለሕፃናት እንዲቀርብ አድርጎ በዚህ ዘዴ ቢያለዝበው የተታለለ የለም።

ነገር ግን ሌላ ሁኔታ እንመልከት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። አንድ አዘጋጅ የዚያን ቀን ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ወደ እርሳስ ሥዕል ለውጦ፣ በስፍራው የነበረ ሰው የሣለው አስመስሎ ቢያትመው፣ የመስመሩ መንቀጥቀጥ በሐዘን የተመታ እጅ ነበረ ብሎ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ እጅ ግን አልነበረም። ዘዴው መምህሩ የተጠቀመበት ያው ዘዴ ነው፤ ቃሉ ግን ሐሰት ሆኗል።

ስለዚህ መስመርን የምንመዝነው በተወለደበት መሣሪያ ሳይሆን በሚሰጠው ምስክርነት ነው። ከዚህም አንድ ግዴታ ይከተላል፤ በእጅ የተሣለው የሠዓሊውን ስም ይያዝ፤ በኮምፒውተር የተቀናበረውም እንደዚያው ይገለጽ። ይህ ለአንባቢ እውነትን፣ በብሩሹ ለሚያድረው የማስታወቂያ ሠዓሊ ደግሞ እንጀራውንና ክብሩን መጠበቅ ነው። የእርሱ መስመር ለአንባቢ ከማስመሰያው ጋር አንድ ሆኖ ከታየ፣ ዓመታት የፈጀበት ሙያ ዋጋ ያጣል። እጅ ያልነካውን እጅ ነካው ማለት ግን ከእርሱ ብቻ ሳይሆን ከሁላችንም ይሰርቃል፤ ነገ እውነተኛው እጅ ሲመሰክር የሚያምነው አይኖርምና።