በር ሳያንኳኩ መግባት፦ የቤታችን ኮምፒውተርና የፈቃድ አደብ



በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክለው፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ የሚይዘው፣ የእናትና የአባትን ኢሜይል የሚከፍተው፣ የመንግሥት ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ወላጆቻችሁ የቤቱን በር ቁልፍ ይዘዋል፤ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ግን በእናንተ እጅ ነው። ይህ ቀላል አማና አይደለም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከማንም በፊት ልታስቡበት ይገባል። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ወደ ቤታችን ኮምፒውተር ቢገባ፣ ምንም ሳይሰርቅና ምንም ሳያበላሽ ዝም ብሎ አይቶ ቢወጣ፣ በደል ፈጽሟል? ከፈጸመስ በደሉ ምኑ ላይ ነው?

ዓይን ከገባ ሰው ገብቷል

በሱረቱ አን-ኑር (24፥27) አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ከራሳቸው ቤት ውጭ ወደ ሌላ ሰው ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ያዛል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በቀዳዳ አጮልቆ እንዳየ እናገኛለን። ሰውየው እግሩን አላስገባም፤ ዕቃም አልነካም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን አጥብቀው ገሠጹት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም አስረዱት።

መልሱ እዚሁ አለ። የቤት ክብር የሚጣሰው ንብረት ሲወሰድ ብቻ አይደለም። ቤት ማለት ሰው ማንም ሳያየው የሚያለቅስበት፣ ዱዓ የሚያደርግበት፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር የሚነጋገርበት፣ ያልበሰለ ሐሳቡን ለራሱ የሚያወጣበት ቦታ ነው። ዛሬ የዚህ ሁሉ ግማሹ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያለፈቃድ ያየ ሰው ባዶ እጁን ቢወጣም ገብቷል።

በሜሪላንድ የሆነው

ይህ ነገር ከኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። ለደኅንነቱ ሲባል በክሱ ላይ «ኪዳኔ» በሚል ሌላ ስም ተጠራ። በክሱ መሠረት፣ በኢሜይል የመጣ አንድ የዎርድ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 የስካይፕ ንግግሮቹንና ኢሜይሎቹን ሲቀዳ ቆየ።

ከተቀዱት ነገሮች መካከል አንዱ ግን የሰውየው አልነበረም። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ በኢንተርኔት ያደረገው ፍለጋ ነበር። የተፈለገው አባት ነው፤ የታየው ግን ቤተሰቡ ሁሉ ነው። አንድ ሰው የከፈተው ፋይል ለሁሉም ሰው ክፍል በር ከፈተ።

በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን በዚያ መክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። ስለላው መፈጸም አለመፈጸሙን አልወሰነም። የሰው ሕግ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ የሚገባውን እጅ መያዝ ያቅተዋል። የሕግ መንገድ መዘጋቱ ግን ድርጊቱን ሐላል አያደርገውም።

«እኔው ነኝ የፈቀድኩለት»

ከዚህ ይልቅ በየቤታችን የሚደርሰው ሌላ ነው። እናት ስልክ ይደወልላቸዋል። «ከማይክሮሶፍት ነው፤ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል» ይባላሉ። የተነገራቸውን ፕሮግራም ይጭናሉ፤ «ፍቀድ» የሚለውንም ይጫናሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው በሩቅ ሆኖ ማውሱን ያንቀሳቅሳል፤ የባንክ ሂሳባቸውንም ያስከፍታቸዋል። ነገሩ ሲገለጥ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔው ነኝ የፈቀድኩለት» ይላሉ።

ይህ ፈቃድ ነውን? አይደለም። በንግድ ሕግ እንኳ ጉድለቱ ተደብቆ ዕቃ የተሸጠለት ገዢ የመመለስ መብት እንዳለው ዑለማዎች ያስተምራሉ። የተስማማው ለሌላ ነገር ነበርና። በማታለል የተገኘ «እሺ»ም እንዲሁ ነው። ኃጢአቱ የአታላዩ ነው።

ይህን ለእናታችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ምክንያቱም አታላዩ ከሁሉ በላይ የሚተማመነው በኀፍረታቸው ነው። ልጃቸው እንዳይቆጣቸው ብለው ለሁለት ቀን ዝም ካሉ፣ ሌባው ሁለት ቀን አገኘ ማለት ነው። «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ!» የሚል ልጅ ሳያውቀው ሌባውን ያግዛል።

ሰበቡን ማድረስ

ተወኩል ግመልን ካሰሩ በኋላ ነው። የሚከተሉትን ያዙ፦

- ምልክቶቹን እወቁ። ማውስ በራሱ መንቀሳቀስ፣ ሳይከፍቱት የበራ ካሜራ፣ ማንም ያልጫነው ፕሮግራም፣ የጠፋ ጸረ-ቫይረስ፣ ከማታውቁት ቦታ «ገብታችኋል» የሚል የኢሜይል ማስጠንቀቂያ ያስጠረጥራል። ኮምፒውተር መዘግየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምልክት አለመታየቱም ዋስትና አይደለም።
- ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ከዚያ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ፓስዎርዶችን ቀይሩ። ከኢሜይል ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መግቢያ እሱ ነውና። ከሁሉም መሣሪያዎች «ውጣ» የሚለውን ተጠቀሙ። በባንክ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ። ጥርጣሬው ካልጠራ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኑት።
- አስቀድሞ ለመከላከል ፕሮግራሞችን በየጊዜው አድሱ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ፤ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስዎርድ ቀይሩ። የማትጠቀሙበትን ሪሞት ዴስክቶፕ ዝጉ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ መግቢያ ይኑረው። ያልጠበቃችሁት ፋይል ሲመጣ ከመክፈታችሁ በፊት ለላኪው ደውሉ።

እኛስ?

ከባዱ ጥያቄ የመጨረሻው ነው። ከሩቅ የሚገባው ባዕድ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ወላጆቻችሁን ለመርዳት ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ጭናችሁላቸዋል። በፈለጋችሁበት ሰዓት፣ ማንም «ፍቀድ» ሳይል መግባት ትችላላችሁ። የአባታችሁ ኢሜይል በስልካችሁ ላይ ክፍት ነው። የታናሽ እህታችሁን ፓስዎርድም ታውቃላችሁ። «ለሷው ብዬ ነው» ብሎ መልእክቷን ማንበብ እንዴት ይታያል?

ኢማም አል-ገዛሊ በኢህያእ ዑሉሚዲን ውስጥ ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አንድ ታሪክ ጠቅሰዋል። ዑመር ወደ አንድ ሰው ቤት ከላይ ወጥተው ሲመለከቱ ሰውየውን በመጥፎ ሥራ ላይ አገኙትና ገሠጹት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ጥፋት አጥፍቼ ከሆነ እርስዎ ሦስት አጥፍተዋል የሚል መልስ ሰጠ። ሰልለዋል፤ በበሩ አልገቡም፤ ፈቃድና ሰላምታ አላቀረቡም። ዑመርም ተውበት እንዲያደርግ ነግረው ተዉት።

ዓላማቸው መልካም ነበር፤ ያዩትም ነገር እውነት ነበር። ሆኖም መልካም ዓላማ ፈቃድን አይተካም። ለአንድ ቀን ሥራ የተሰጠ ፈቃድም የዘላለም ፈቃድ አይደለም። አባታችሁ «ፕሪንተሩን አስተካክልልኝ» ሲሉ የፈቀዱት ፕሪንተሩን እንጂ ደብዳቤያቸውን አይደለም።

«ታዲያ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ዝም ይባላል?» ትሉ ይሆናል። አይባልም። ትንሽ ልጅ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ በአታላይ የተከበቡ አዛውንትም እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ልዩነቱ በአገባቡ ላይ ነው። ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ይታያል፤ ሰላይ ግን ይደበቃል። ጥበቃችሁ እንዲታይ አድርጉ። ምን እንደተጫነ፣ ምን እንደሚያሳይ፣ እንዴት እንደሚዘጋ ይወቁት። በገባችሁ ቁጥር ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ከተባላችሁ ተመለሱ፤ ቁርኣንም (24፥28) ተመለስ የተባለ ሰው እንዲመለስ ያዛል።

በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማን ማን መግባት እንደሚችል አንድ በአንድ አሳዩአቸው፤ ዝርዝሩን ከራሳችሁ ጀምሩ። የማያስፈልገውን እነሱ እያዩ አጥፉ። የሚቀረው በእነሱ ፈቃድ ይቅር።

አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ነውራችንን ይሸፍንልን፤ አማናን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።