እንክርዳዱ ማን ነው?

ከሮቤ ወደ ገሰራ ሲሄዱ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። የባሌ ደጋ ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው ገበሬው “ጋና” እና “ቦና” እያለ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። እንዲህ ባለ አገር የስንዴና የእንክርዳድን ምሳሌ መስበክ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከሰሚው ብዙው ስለ አረም ከሰባኪው የተሻለ ያውቃል።

ምሳሌው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ነው። አንድ ሰው በእርሻው መልካም ዘር ዘራ፤ ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ጠላት መጥቶ እንክርዳድ ጨመረበት፤ አገልጋዮቹ እንንቀለው ወይ ቢሉ ጌታው እስከ መከር ይቆይ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ከአያቱ በወረደ መሬት ምክንያት ከወንድሙ ጋር በተጣላበት ሰሞን ምሳሌው ከአእምሮው አልወጣ አለው። ከሰማይ የተላከ ምክር መሰለው። ፍቺውም ወዲያው መጣለት፤ ስንዴው እሱ፣ እንክርዳዱ ወንድሙ። ያስጠረጠረውም ይኸው ነው፤ ፍቺው ከመጠን በላይ ተመቸው።

ስለዚህ ምስጢሩን ለጊዜው ትቶ ከታሪኩ ጀመረ። ለመሆኑ በሰው ማሳ ላይ አረም የሚዘራ ጠላት አለ? እ.ኤ.አ. በ533 በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ የተጠናቀረው የሮማ ሕግ፣ በሌላ ሰው አዝመራ ላይ እንክርዳድ ወይም ሲናር በትኖ ያበላሸን ሰው በስሙ ጠርቶ ባይሆን በሥራው ጠቅሶ ይጠይቀዋል። እንግዲህ ነገሩ ይደረግ ነበር ማለት ነው። ሲናርን ደግሞ የባሌ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለ ፀረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያደርቃል እንጂ ሲናርን አይነካም፤ ሲናርም ስንዴም የሣር ዘር ናቸውና። እንክርዳድም እንደዚያው ነው። ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ስንዴ ይመስላል፣ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ግን ራስ ያዞራል።

ቢሆንም ገበሬ አረሙን ዝም ብሎ አያይም። እየጎነበሰ በእጁ ይነቅላል፣ ልጆቹን ያሰማራል፣ የጉልበት ሠራተኛ ይቀጥራል። “ተዉት” የሚል ባለማሳ ቢገኝ ጎረቤት ይስቅበታል። ምሳሌው የእርሻ ምክር ከሆነ መጥፎ ምክር ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም አለ፤ ታሪኩ ከተለመደው አሠራር የሚወጣበት ቦታ ምስጢሩ የተቀመጠበት ቦታ ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ።

የአብነት ትምህርት ቤት ሰዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። መጀመሪያ ንባቡን ያቀናሉ፣ ቀጥለው ነጠላውን ትርጓሜ ይሰጣሉ፣ ከዚያ “አንድም” እያሉ ሌላውን ፍቺ ከጎኑ ይደረድራሉ። በጎንደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ ያቃኑት ትምህርት ታች ቤት፣ የቀደመው ላይ ቤት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። የዘዴው ውበት አንዱ ፍቺ ሌላውን አለማባረሩ ነው። ጸሐፊውን ያሳሰበውም ያው ነው፤ “አንድም” ማለት ካላለቀ ሰው የፈለገውን ሁሉ ማስባል አይችልም? በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪገን ስለ ደጉ ሳምራዊ ከእሱ የቀደመ ሰው የሰጠውን ትርጓሜ አስተላልፏል፤ የተደበደበው አዳም፣ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ዓለም፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል። ድንቅ ነው። ግን ሁሉ ነገር ተፈትቶ ሲያልቅ መንገድ ዳር የወደቀው ቁስለኛ ይረሳል።

የእንክርዳዱ ምሳሌ ግን ዕድለኛ ነው፤ ፍቺው እዚያው ምዕራፍ ላይ ተሰጥቷል። ዘሪው፣ እርሻው፣ ዘሩ፣ እንክርዳዱ፣ ጠላቱ፣ መከሩ፣ አጫጆቹ፣ ሁሉም ምን እንደሆኑ ይነገራል። ጸሐፊው ዝርዝሩን መላልሶ ሲያነብ የጎደለ አገኘ። “እንንቀለው?” ብለው የጠየቁት አገልጋዮች እነማን እንደሆኑ አልተፈታም። እንቅልፉም አልተፈታም። ቦታው ክፍት ነው። አንባቢ ስንዴ ነኝ ብሎ ሲቸኩል፣ የተተወለት ስፍራ ምናልባት የጠያቂው ነው፤ ነቃዩ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ የሚጠብቅበት ስፍራ።

ይህን ቦታ መያዝ ከባድ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ411 በካርቴጅ ጉባኤ ላይ ዶናቲስቶች የተባሉት ክርስቲያኖች እርሻው ዓለም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ንጹሕ መሆን አለባት ብለው ሲከራከሩ፣ የአውግስጢኖስ ወገን ቤተ ክርስቲያንም እስከ መከር የተቀላቀለች ናት ብሎ መለሰ። ይኸው አውግስጢኖስ፣ የማይነቀለውን እንክርዳድ ያስተማረው ሰው፣ መንግሥት ዶናቲስቶችን በኃይል እንዲያስገድድ ደግፎ ጽፏል። ምሳሌውን ማወቅና በምሳሌው መኖር ለየቅል ነው ማለት ይቀላል፤ ጸሐፊውን ግን የበለጠ የገረመው አውግስጢኖስ ለሁለቱም አቋሞቹ ከመጽሐፍ ማስረጃ ማግኘቱ ነው።

ወደ ባሌ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን በሰፊው የሚዘሩ የስንዴ ዝርያዎች መታ። ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን ጠረገው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ዋግን ከርግማኖች ጋር ይቆጥራል። ያን ዓመት ማሳው የጠቆረበት ሰው ያን ምዕራፍ ቢገልጥ ምን መመሪያ ያገኛል? ምን በድዬ ነው ብሎ ከመጨነቅ በቀር? ዋግ ግን ብናኙን ነፋስ የሚያዞረው ፈንገስ ነው፤ የጻድቅና የኃጥእ ማሳ አይለይም። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ ጥያቄው ራሱ ተመልሶባቸዋል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ወገን ለየ፤ ምልክትን በሌላ ሰው መከራ ላይ መለጠፍ ትርጓሜ አይደለም፣ ክስ ነው።

“ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ” የተባለው መጽሐፍ ትርጓሜ ክስ የሚሆንበትን ጭንቀት ያውቀዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአክሱም የሚያስተምረው ተራኪ የፈረንጆችንና የግብፆችን ትርጓሜ ጎን ለጎን ሲያቀርብ ሁለቱም ወገን ጠላው፤ ተከስሶም ዳዊቱን ይዞ ወደ ዋሻ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው የጻፈው ብሎ ተሟገተ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። ማንም ይጻፈው፣ ሁሉም ትርጓሜዬ ከእግዚአብሔር ነው ካለ ዳኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም። የመጽሐፉ መልስ ልቡና ነው። ጸሐፊው በዚህ ግማሽ ልብ ብቻ ይስማማል፤ ወንድሙን እንክርዳድ ያለው የገዛ ልቡናው ነበርና።

የወንድማማቾቹን የመሬት ጉዳይ የያዙት ሽማግሌዎች ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። አንዱ አዛውንት ስለ እንክርዳድ የቀረበላቸውን ሐተታ በትዕግሥት ሰምተው፣ “ልጄ፣ የዩሱፍ ወንድሞችም በመጨረሻ የተገናኙት እህል ፍለጋ ነው” አሉ። በቁርኣን ዩሱፍ የታጨደው እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ ይመክራል፤ በኦሪት ዮሴፍ ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲከማች ይመክራል። በሁለቱም ሕልም ሲፈታ ጎተራ ይሠራል። ሽማግሌዎቹም የዘንድሮው ስንዴ ሳይከፈል በአንድ ጎተራ ይግባ፣ የይዞታ ደብተሩ ጉዳይ ከአጨዳ በኋላ ይታይ ብለው ወሰኑ።

ጸሐፊው ተስማማ። ወንድሙ ማሳውን ሲያርስ እሱ በከተማ የኖረባቸው ዓመታት ያ ያልተፈታው እንቅልፍ ይሆኑ እንደሆነ እያሰበበት ነው። የተስማማው ምሳሌው መርቶት ይሁን የጠበቃ ክፍያ አሰልችቶት ግን እስካሁን ለይቶ መናገር አልቻለም፤ ኮምባይነሩ የተቀጠረው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ኪራዩንም እኩል ይከፍላሉ።