በዓል ስለ ማክበርና የቆየውን ስለ መጠበቅ

ሰው ያለፈውን ዘመን ቈጥሮ በዓል ማድረጉ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ቤተ ሰብ ልጅ የተወለደበትን ቀን ያስባል፤ ማኅበር የቆመበትን፥ ከተማም የተቈረቈረበትን ዓመት ይቈጥራል። ነገር ግን በዓል አድራጊው በምን ነገር ደስ እንደሚለው መርምሮ ራሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚከበረው ያ ነገር ራሱ ነውን፥ ወይስ የእኛው ደስታ? ደግሞስ ሰው ሳይጠብቀው የኖረውን ነገር ቀኑ ሲደርስ አከበርሁት ሊል ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ከእኛ እጅግ የራቀ የሚመስል ነገር፥ የእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ትርኢት ነው። አንባብያን ሆይ፥ ይህ ከጣና ዳር ጋር ምን ያገናኘዋል ብላችሁ አትቸኵሉ፤ ነገሩ ዞሮ ወደ እኛው ደጅ ይመለሳልና።

ትርኢቱ «ዶክተር ሁ» ይባላል። ቢ.ቢ.ሲ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ ነው፤ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ሽማግሌ ከውጭ ሲያዩት ጠባብ፥ ከውስጥ ግን እጅግ ሰፊ በሆነ ሰማያዊ የፖሊስ መጥሪያ ሣጥን ገብቶ ወዳለፈውም ወደሚመጣውም ዘመን ይመላለሳል። የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው በደከመ ጊዜ አዘጋጆቹ ሽማግሌው መልኩ ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲነሣ አደረጉና በ1959 ዓ.ም. ፓትሪክ ትራውተን ተተካ። በዚህ ብልሃት ተዋናዮቹ እየተለዋወጡ፥ ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ በ1997 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀምሮ፥ ትርኢቱ 60ኛ ዓመቱን አለፈ። ዘመን ተሻግሮ መገኘት ለእኛም እንግዳ ወሬ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ 66 ዓመት ከተኛ በኋላ ሲነቃ ከተማይቱን ማወቅ እንደ ተሳነው በተረፈ ባሮክ አንብበናልና።

የዚህ ትርኢት ወዳጆች በየክብረ በዓሉ ይከራከራሉ። በኅዳር 14 ቀን 2006 ዓ.ም. 50ኛው ዓመት ሲከበር ልዩ የተዘጋጀው ታሪክ በአንድ ጊዜ በ94 አገሮች ታየ። ነገር ግን ከቀድሞዎቹ ተዋናዮች የሚበዙት በዚያ ታሪክ ቦታ አላገኙም፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ፒተር ዴቪሰን ባዘጋጀው አጭር ፊልም በራሳቸው መቅረት ሳቁ። ከወዳጆቹ አንዱ ወገን «ያሳደጉት ሳይጠሩ የሚደረግ ድግስ ምን ድግስ ነው?» ሲል፥ ሌላው ወገን «ትርኢቱ በሕይወት ያለ ነውና በዓሉን ለዛሬው ተመልካች ያድርግ» ብሎ መለሰ። በኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. 60ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜም ሰባት ክፍል የነበረው ጥቍርና ነጭ የዳሌኮች ታሪክ ቀለም ተቀብቶ፥ ወደ 75 ደቂቃም አጥሮ ቀረበ። አንዱ ወገን ይህን እንደ ማበላሸት ቈጠረው፤ ሌላው ግን ልጆቻችን እንዲያዩት የሚያደርግ መልካም ሥራ ነው አለ።

እኔ ግን ክርክሩን ስመለከት ሁለቱም ወገኖች የተቀመጡበት ማዕድ ጐዶሎ እንደ ነበረ አስተዋልሁ። ቢ.ቢ.ሲ. ያን ጊዜ የቴፕ ዋጋ ውድ ስለ ነበረ፥ አሮጌውንም ትርኢት እንደ ገና የሚፈልገው ያለ ስላልመሰለው፥ ብዙዎቹን ክፍሎች ደምስሶ በላያቸው ሌላ ቀረጸ፤ የፊልም ቅጆቹንም ጣለ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከተሠሩት 253 ክፍሎች መካከል፥ 50ኛው ዓመት በተከበረ ጊዜ 97ቱ አልተገኙም ነበር። የጠፉት ሁሉ ድምፃቸው ግን አለ፤ ያዳኑትም ወጣቶች ናቸው፤ መቅረጸ ድምፃቸውን በቤታቸው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አኑረው ይቀዱ ነበርና። ባለቤቱ የጣለውን እንግዳ ሰው አነሣው ማለት ይህ ነው።

ነገሩ ወደ እኛ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. የትርኢቱን ፊልሞች ለብዙ አገሮች ይሸጥ ነበር፤ ከገዙትም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1960ዎቹ ዓመታት የሃርትኔልን ታሪኮች አሳይቷል። ስለዚህ የ50ኛው ዓመት በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከመቶ በላይ የጠፉ ክፍሎች በኢትዮጵያ ተገኙ ብሎ ጻፈ። ወሬው እውነት አልሆነም፤ በጥቅምት 1 ቀን 2006 ዓ.ም. የተነገረው ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄርያ በጆስ ከተማ መገኘታቸው ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ወሬ አሳሰበኝ። ሀብታሙ የጣለውን ንብረቱን ፍለጋ ወደ ድኻው ጎተራ መጣ፤ ወሬውም በብዙዎች ዘንድ ታመነ። እኛ በእውነት እንዲህ የምንታመን ጠባቂዎች ነን?

ከባሕር ዳር ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ክብራን ገብርኤል የቆመባት ደሴት ትታያለች። በዚያ ገዳም፥ በደጋ እስጢፋኖስም፥ በሌሎቹም የጣና ገዳማት ዘመናትን የተሻገሩ የብራና መጻሕፍት አሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ሊቅ መጥቶ የብዙዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቷል። እነዚያን መጻሕፍት ያቈዩልን መነኮሳት ስለ 50ኛ ወይም ስለ 100ኛ ዓመት በዓል አስበው አልነበረም። ጦርነት ሲመጣ ሸሸጓቸው፤ ብራናው ሲያረጅ ቀለም በጥብጠው፥ መቃ ቀርጸው በአዲስ ብራና ገለበጧቸው። በዓሉ በደረሰ ጊዜም የዕለቱ ስንክሳር ወይም ገድል ስለሚነበብ፥ መጽሐፉ ከሌለ በዓሉ ምን እንደሚነግረን አይታወቅም፤ የሚቀረው ጠላና ዳቦ ብቻ ይሆናል።

ይህን ስል ግን በቢ.ቢ.ሲ. ሠራተኞች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሁሉን ማኖር የሚችል ጎተራ የለም፤ በቀድሞ ዘመንም ብራና ውድ ስለ ነበረ የፊተኛውን ጽሕፈት ፍቆ በላዩ ሌላ የጻፈ ሰው ተገኝቷል። ደግሞም ተቈልፎበት የማይነበብ መጽሐፍ ተጠበቀ አይባልም፤ ምስጥና አይጥ ይከፋፈሉታልና። ስለዚህ ስለ ቀለሙ በተደረገው ክርክር ለታደሰው ሥራ እፈርዳለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ውል ነው። ገልባጭ ጸሐፊ በአዲስ ብራና ሲጽፍ ሐረጉን ቢያሳምር አይነቀፍም፤ ከገለበጠ በኋላ የፊተኛውን መጽሐፍ ቢያቃጥል ግን ወንጀለኛ ነው። የዳሌኮቹ ታሪክ የቀድሞው ሰባት ክፍል በሙሉ ስላለ፥ ቀለም የተቀባው ማንንም አልበደለም። የተበደለው በ97ቱ ላይ ነው፤ በእነርሱ ላይ ሊከራከር የሚችል እንኳ የለምና።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናዘዝ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ በነበርሁበት ዘመን ለአዲስ ቁም ሣጥን ቦታ ለማግኘት ስል የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የተማሪዎች መዝገብ አስወጥቼ ለባለ ሱቅ መጠቅለያ እንዲሆን ሰጠሁ። ከዓመታት በኋላ የትምህርት ቤቱ ኢዮቤልዩ ሲከበር ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ። ሰንደቅ ተሰቅሎ፥ ካናቴራ ታትሞ፥ በሬ ታርዶ ነበር። ስለ መሥራቾቹ ብዙ ተናገርሁ፤ ተጨበጨበልኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቀረቡና «ጌታዬ፥ ታናሽ ወንድሜ እዚህ ተምሮ በልጅነቱ ሞተ፤ ፎቶግራፍ እንኳ የለውም። ስሙ በመዝገቡ ላይ እንደ ተጻፈ ላየው ብዬ መጣሁ» አሉኝ። ምን እንደ መለስሁላቸው ዛሬ አላስታውስም። እርሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በዓሉን ሊያከብሩ የመጡ ብቸኛው ሰው እንደ ነበሩ፥ እኔም ያን ቀን በገዛ እጄ ባፈረስሁት ቤት ምርቃት ላይ እንደ ተናገርሁ ያህል እንደ ሆንሁ አውቃለሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ያልጠበቁትን ነገር በዓል ማድረግ ከናካቴው የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው በዓል በደስታ ብቻ ሳይሆን በንስሐ ሊጀመር ይገባዋል። የእንግሊዞቹ ትርኢት ወዳጆች ከዘፈንና ከድግስ ይልቅ የጠፋውን ፍለጋ ባሕር መሻገራቸው ከበዓሉ ሁሉ የበለጠ ማክበር ነበር። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን፥ በየማኅበራችን 25ኛውን ወይም 50ኛውን ዓመት ለማክበር ስናስብ ኮሚቴው ስለ ድንኳኑና ስለ ሰንጋው ከመነጋገሩ አስቀድሞ ሣጥኑን ይክፈት፤ ምን እንዳለ፥ ምንም እንደ ጐደለ ይጻፍ፤ ከሽማግሌዎቹም ቃላቸውን ይቀበል። አቤሜሌክ ከእንቅልፉ ነቅቶ 66 ዓመት እንዳለፈ ሲነገረው፥ ያገኘው ሽማግሌ ያመነው በንግግሩ አልነበረም። ያመነው ወራቱ ሳይሆን በመሶቡ ያለውን ያልደረቀ በለስ ባየ ጊዜ ነው።